ስሟ አጠገብ ያለው ስም

ኡበይድ ኢኽላስን መጀመሪያ ሲያያት በሽተኛ መስላው ነበር።

ኡበይድ ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን ነው። የዚያን ሰሞን ወባው በርትቶ ስለነበር አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው ሰው ከግራሩ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። ከመካከላቸው አረንጓዴ ሻርፕ ያጠለቀች ጠይም ሴት አለች። ካርድ አልያዘችም። አንዱ ሽማግሌ ዘንድ ጠጋ ትልና ታወራለች፤ ከዚያ ደግሞ ልጅ ወዳቀፈች እናት ትዞራለች።

«እህቴ! ወረፋ አትበጥብጪ፣ ተራሽን ጠብቂ!» አላት በበሩ ብቅ ብሎ።

«እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለችና ፈገግ አለች።

ጠበቀች። ሰው ሁሉ ታክሞ አልቆ የዙህር አዛን ሲሰማ ገብታ ፊቱ ቁጭ አለች።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ካላመመሽ ታዲያ እስካሁን ምን አስቀመጠሽ?»

«ሰው እዚህ ለመታከም ምን ያህል እንደሚጠብቅ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ይኸው አወቅኩ።»

የወረዳውን የትብብር ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ዶክተር ኢኽላስ ሙሀመድሰይድ፣ የጤና ኢኮኖሚክስ ተመራማሪ። ኡበይድ ስሙን ሲያይ ፊቱ ተቃጠለ። ሀጂ ሙሀመድሰይድን፣ ቆቦ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡትን፣ የማያውቅ ሰው የለም። ልጃቸው አዲስ አበባ ተምራ ትልቅ ሰው ሆናለች ሲባልም ሰምቷል።

«በአላህ! መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ኖሮ ቶሎ ታስገባኝ ነበራ!»

ሳቀች። እሱም ሳያስበው ሳቀ። በዚያች ሳቅ ተያዘ።

ኢኽላስ የመጣችው የቆላው ሰው ሲታመም ለምን ጤና ጣቢያ እንደማይመጣ ልታጠና ነው። በሽተኛ የሚከፍለው ለመድኃኒት ብቻ ነው የሚል ሰው ያናድዳታል። «ማሽላው ሳይታጨድ የዋለበት ቀንስ? እናቲቱ ልጇን አዝላ ስትሄድ ቤት ጥላቸው የሄደችው ልጆችስ? ይሄ ሁሉ ክፍያ ነው እኮ!» ትላለች እጇን እያወራጨች። ኡበይድ እጇን ያያል።

የቆላው ሰው ኡበይድን ያውቀዋል፤ ሐኪማችን ይለዋል። ስለዚህ ወደ ምሥራቁ ቀበሌ፣ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ፣ በወረደች ቁጥር አብሯት ይወርዳል። የጎሊና ወንዝን አሸዋ ይሻገራሉ። ማሽላው ከሁለቱም ቁመት በላይ ነው። አሮጊቶቹ በወሬያቸው መሃል ኦሮምኛ ጣል ሲያደርጉባት ከእናቱ በሰማው ይተረጉምላታል። ሲመለሱ ሮቢት መንገድ ዳር ተቀምጠው ፓፓያ ይበላሉ። አንድ ቀን እዚያው ተቀምጠው ሳለ ኡበይድ ድፍረት አገኘ።

«ኢኽላስ...»

«አቤት።»

«ጥናትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በሚመጣው ወር።»

«እንዳያልቅ ዱዓ ባደርግ ወንጀል ይሆንብኛል?»

ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞረች። አንድ የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሳ አለፈ። አቧራው ሲረጋ እንዲህ አለችው፦

«ዱዓህን ለሌላ ነገር አድርገው። ጥናቱስ ይጨረስ... አንተ ግን ሽማግሌ ላክ።»

ኡበይድ የያዘው ፓፓያ ከእጁ ወደቀ።

ሽማግሌ ተላከ። ሀጂ ሙሀመድሰይድም ልጃቸውን ጠይቀው እሺ አሉ። ኒካሁ ከሚመጣው ዓመት መኸር በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ኡበይድ ከደስታው ብዛት የሚያደርገው ጠፋው።

ደስታው ውስጥ ግን አንድ እሾህ ነበረበት፤ ሙሉጌታ።

ሙሉጌታ የኢኽላስ የሥራ ባልደረባ ነው። አዲስ አበባ አብረው ተምረው፣ አብረው አስተምረው፣ ጥናት ሲጽፉም አብረው ነው። ኡበይድ መጀመሪያ ግድ አልሰጠውም ነበር። አንድ ቀን ቆቦ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስሟን በስልኩ ፈለገ። የጻፈቻቸው ጥናቶች ተራ በተራ መጡለት። ስለ እናቶች ወሊድ፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ወባ፣ ከጦርነቱ በኋላ ስለ ተዘጉ የገጠር ጤና ኬላዎች። ደረቱ በኩራት ነፋ። ቀጥሎ ስሞቹን አየ።

ኢኽላስና ሙሉጌታ። ሙሉጌታና ኢኽላስ። ደግሞ ኢኽላስና ሙሉጌታ።

የሰርግ መጥሪያ ካርድ መሰለው።

ወረድ ሲል ፎቶ አገኘ። ኪጋሊ ላይ የተደረገ ጉባኤ ነው። እሷ ጥርሷ እስኪታይ ስቃለች፤ ሙሉጌታ ክንዱን በወንበሯ መደገፊያ ላይ ጥሏል። ኡበይድ ፎቶውን በጣቱ አሰፋው። ክንዱን አየ። ትከሻዋን አየ። በክንዱና በትከሻዋ መካከል ያለችውን ክፍተት አየ። ሻዩ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲያ ቅናት እንደ ምስጥ ገባበት። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ከውስጥ ግን ይበላል።

«ስልክሽ ተይዞ ነበር» ይላታል።

«ሙሉጌታ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ስህተት አግኝቶ...»

«እሱ መቼም ስህተት አያጣም።»

«ሥራችን ነዋ!» ብላ ትስቃለች።

እሱ አይስቅም። ትዝ ሲለው እሷ ስለ ሙሉጌታ ስታወራ የምትስቀውና ከእሱ ከራሱ ጋር ስታወራ የምትስቀው ሳቅ አንድ ዓይነት ነው። ይህ ደግሞ ይብስበታል።

የቆላው ጥናት ታትሞ የወጣ ቀን ቆቦ ድረስ አስጠራችው። ሆርማት ወንዝ ዳር ቆማ እየጠበቀችው ነበር፤ ገና ከሩቅ ስልኳን እያወዛወዘች መጣች።

«ኡበይድ! ስምህ አለበት እኮ!»

«የት?»

ከላይ ሁለት ስም አለ። የታወቁት ሁለት ስሞች። እሷ በጣቷ ገጹን ወደ ታች፣ ወደ ታች ገፋችው።

«እዚህ! መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ። አየኸው?»

«ከታች» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ?»

«ምንም። ማሻአላህ። እንኳን ደስ አለሽ።»

ኢኽላስ ግን የደስታዋን ያህል ፊቷ አልፈካም ነበር። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመች።

«አንድ ነገር ልንገርህ? ለማንም አልተናገርኩም።»

«ንገሪኝ።»

«በምሥራቁ ቀበሌ መጠይቁን እንዲያስሞሉ የቀጠርናቸው ልጆች ቸኩለው ሴቶቹን ባሎቻቸው ባሉበት ነው የጠየቋቸው። ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ‘ጤና ጣቢያ የማንሄደው ስለሚርቅ ነው’ ብለዋል። እውነቱን የነገሩን አይመስለኝም። ባል አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሌላ ምን ትበል?»

«ለሙሉጌታ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም። ለማንም አልኩህ እኮ። እሱ ፊት መሳሳት ያስፈራኛል። አንተ ፊት ግን አያስፈራኝም።»

አንዲት ሴት ለአንድ ወንድ ከዚህ የበለጠ ምን ትለዋለች? የኡበይድ ጆሮ ግን የያዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ‘እሱ ፊት መሳሳት ያስፈራኛል።’ እስከዚህ ድረስ ትጨነቅለታለች ማለት ነው! ወደ ሮቢት በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ይህችኑ እያመላለሰ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የጥናቱ ውጤት ለአገሬው ሰው የሚነገርበት ስብሰባ ቆቦ ተጠራ። አዳራሹ ሞላ። የወረዳ ሹማምንት፣ የቀበሌ ሽማግሌዎች፣ ሼሆችና ቄሶች፣ የጤና ባለሙያዎች አሉ። ሀጂ ሙሀመድሰይድ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ወረዳው በጥናቱ መነሻነት ምሥራቁ ቀበሌ ላይ አዲስ ጤና ኬላ ሊሠራ አስቧል። ሙሉጌታም ከአዲስ አበባ መጥቷል። ረጅም፣ ረጋ ብሎ የሚናገር፣ ሰው የሚያስቅ። ኡበይድ እንዲጠላው የሚያግዘው አንዳች እንከን ፈልጎ አጣበት።

«ይህን ሥራ እኔ ሠራሁት ብዬ አልመጻደቅም» አለ ሙሉጌታ ንግግሩን ሲጨርስ። እጁን ወደ ኢኽላስ ዘረጋ። «ኢክሉዬ ባትኖር እዚህ አልደርስም ነበር።»

ኢክሉዬ!

ኡበይድ የሚያደርገውን ሳያውቅ እጁ ተነሥቶ ነበር።

«ጥያቄ አለኝ። በምሥራቁ ቀበሌ ሴቶቹ ሲጠየቁ ባሎቻቸው አጠገባቸው ነበሩ ወይስ አልነበሩም?»

ሙሉጌታ ግራ ገባው። «አልነበሩም። መመሪያችን እንደዚያ አይደለም።»

«ነበሩ። ስለዚህ ሴቶቹ እውነቱን አልተናገሩም። በማታምኑበት ጥናት ስም ልታወጡ፣ ሰውም ልታታልሉ ነው የመጣችሁት!»

«ወንድሜ፣ ይህን ከማን ሰማህ?»

«ከራሷ ከዶክተሯ!»

ሰው ሁሉ ወደ ኢኽላስ ዞረ። አባቷ ግን አልዞሩም፤ ዱላቸውን አቅፈው ወለሉን አዩ። ኢኽላስ ተነሣች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ቢሆንም አልተሰበረም።

«ልክ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። ጤና ኬላውም ‘እስኪጣራ ይቆይ’ ተባለ።

ኡበይድ ደጅ ላይ ደረሰባት።

«ኢኽላስ፣ የተናገርኩት እኮ እውነት ነው!»

«እውነት ነው። ለእውነቱ ብለህ ነው የተናገርከው?»

ሊጠጋት ሲል ወደ ኋላ ራቀችው።

«ሚስጥሬን እጅህ ላይ አኖርኩት። አንተ ድንጋይ አድርገህ ወረወርክብኝ... በአባቴ ፊት!» እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «ሽማግሌዎቹን እንዳታስቸግራቸው። ለአባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ቀርቷል ብዬ።»

መኸር ደረሰ። ኒካህ ሊደረግበት የነበረው ጊዜ መጥቶ ማሽላው ታጨደ፤ ግመሎች ከአፋር በኩል ወርደው አገዳውን ይግጡ ጀመር። ኡበይድ ይሠራል፣ ይሰግዳል፣ ይበላል። ምግቡ ግን አይጣፍጠውም።

ኢኽላስ ተመልሳ እንደመጣች የሰማው ከሰው ነው። ከሙሉጌታ ጋር ሆና ጥናቱን እንደገና ትሠራለች። ነጭ መኪናቸው በጤና ጣቢያው በር ስታልፍ ያያታል። ከሾፌሩ ኋላ ሙሉጌታ፣ አጠገቡ አረንጓዴ ሻርፕ። ያን ጊዜ የያዘውን መርፌ መልሶ ያስቀምጣል። ‘እኔው ራሴ ነኝ አንድ መኪና ውስጥ ያስገባኋቸው’ ይላል ለራሱ።

አንድ ቀን ከምሥራቁ ቀበሌ ሸዋዬ የምትባል እናት ልጇን አዝላ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ወሬ ጀመረች።

«ያቺ የሀጂ ልጅ እንዴት ያለች ናት አንተ! ባሎቻችንን ሁሉ ያንን ረጅሙን ሰውዬ አስይዛ ወንዝ ዳር አስቀመጠቻቸውና እኛን ብቻችንን ጎጆ አስገብታ አወራችን። ስንስቅ ዋልን፣ ስናለቅስ ዋልን።»

«ምን አላችኋት?»

ሸዋዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

«ለእሷ የነገርኳትን ለአንተ ልዘክዝክልህ? ሚስጥር አይደለም እንዴ!»

ቃሉ ኡበይድን ወጋው። አንገቱን አቀርቅሮ ልጁን መረመረ።

በዚያው ሳምንት ነጯ መኪና በሩ ላይ ቆመች። ሙሉጌታ በሾፌሩ ትከሻ ተደግፎ ወረደ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል። ኢኽላስ ከኋላ ትከተላለች። ዓይኗ ከኡበይድ ዓይን ጋር ሲገጣጠም ቶሎ ዘወር አደረገችው።

«በሽተኛ ይዤ ነው» አለች። «ይመርምሩልኝ።»

ይመርምሩልኝ! ኡበይድን እንደዚያን ቀን ያመመው ነገር የለም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። የማታውቀውን ሰው በምታከብርበት አንደበት አነጋገረችው።

«እሺ» አለ። «ይግቡ።»

ወባ ነበር፤ ያውም ክፉው። ኡበይድ ግሉኮስ ሰቀለለት፣ መድኃኒቱን ጀመረለት፣ ትኩሳቱ እንዲበርድ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰለት። ያንን በፎቶ ያሰፋውን ክንድ ይዞ ደም ሥር ፈለገ። ክንዱ ቀጭን ነበር። የሰው ክንድ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ትኩሳቱ ለቀቀው። ኢኽላስ ሾርባ ልታመጣለት ወደ ሮቢት ወጥታ ነበር። ሙሉጌታ ትራሱን ተደግፎ ኡበይድን ተመለከተው።

«እጅህ ቀላል ነው። ስትወጋኝ አልተሰማኝም።»

«እርስዎ ትኩሳት ላይ ስለነበሩ ነው።»

«አንተ በለኝ። በአንድ አዳራሽ ሰው ፊት ከሰደብከኝ በኋላ ምን አንቱታ አለ?» ሙሉጌታ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ። «ያን ቀን አንተ ስትናገር እኔ በልቤ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?»

«ጥናቴን አበላሸብኝ ብለሃል።»

«‘ለእሱ ነገረችው’ ነው ያልኩት። በቃ፣ ሌላ አልታየኝም። ስንት ዓመት አብሬያት ጻፍኩ! እያንዳንዱን ቁጥር ተከራክረናል። እንዲህ ያለ ጭንቀት ሲደርስባት ግን ለእኔ አልነገረችኝም። ለአንተ ነገረችህ። ቀናሁብህ ወንድሜ።»

ኡበይድ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ትወዳታለህ?»

ሙሉጌታ በመስኮቱ ወደ ግራሩ ተመለከተ።

«ድሮ። ሳልነግራት አለፈ። አልዋሽህም፤ የቀናኸው በከንቱ አይደለም። እሷ ግን አንድም ቀን እንደዚያ አላየችኝም። አሁን የቀረኝ አብረን የምንሠራው ሥራ ነው። እሱን አትውሰድብኝ።»

በሩ ተከፈተና ኢኽላስ ሾርባ ይዛ ገባች። ኡበይድ ከአልጋው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት።

ኡበይድ ሽማግሌ ሊልክ አሰበ። ሀጂ ሙሀመድሰይድ ሰምተው መልስ ላኩበት፦ «ሲያስቀይም ብቻውን ነበር፤ ሲክስም ብቻውን ይምጣ።» ስለዚህ ብቻውን ቆቦ ሄደ። ሀጂ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታውን በአጭሩ መልሰው የዐስር ሶላት ደርሷል ብለው ወደ መስጊድ ተነሡ። በሩን ወለል አድርገው ትተውት ሄዱ። ኢኽላስ ከጨርቁ ጀርባ ቆማለች።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ይቅርታ ፈልጌ ነው።»

«ይቅርታ በሜትር አንሸጥም።»

«አውቃለሁ። ኢኽላስ፣ ቀንቼ ነው። በሙሉጌታ ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር። በስምሽም ቀንቻለሁ። ዓለም ያነበበሽ ቀን እኔ ከታች በትናንሽ ፊደል...»

«ከላይ ብጽፍህ ኖሮ ይበቃህ ነበር?»

አሰበ። ሊዋሽ ይችል ነበር።

«አይበቃኝም ነበር። ሌላ ነገር እፈልግ ነበር።»

ኢኽላስ የያዘችውን ጨርቅ አጣጥፋ አስቀመጠች።

«ከባሕር ማዶ አብረውን ሊሠሩ የነበሩት ሰዎች ተዉን። ጽሑፋችን ስህተት አለበት ብለን ራሳችን ስንጽፍላቸው፣ ሁለት ዓመት እዚያ ሄጄ እንድሠራ የጋበዙኝን ሰረዙት። ያውቃሉ?»

ኡበይድ አላወቀም ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«በእኔ ምክንያት...»

«በስህተቱ ምክንያት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። አንድ ቀን ራሴ እናገረው ነበር። በራሴ አፍ! በራሴ ጊዜ! ያንን ነው የወሰድክብኝ! አንተ ሰው፣ ለምን? ለምን እንዲህ አደረግከኝ?»

አንተ አለችው። ተቆጥታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ አንተ አለችው። ኡበይድ ያን ቁጣ እንደ ዝናብ ተቀበለው።

«የወሰድኩብሽን የምመልስበት መንገድ የለኝም» አለ። «ግን ስቀና ለአንቺ እነግርሻለሁ። ለአንቺ ብቻ። አልቀናም ብዬ አልምልልሽም፤ ያን ከማልኩ ውሸት ነው።»

«እኔ ከሰው ጋር ሳልሠራ አልኖርም፤ ከሙሉጌታም ጋር ቢሆን። ሥራዬ ይሄ ነው።»

«ሥሪ። ቢያቃጥለኝም ሥሪ።»

«ሂድ አሁን» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አስብበታለሁ።»

ሁለተኛው ስብሰባ በዚያው አዳራሽ ተደረገ። በዚህኛው ኢኽላስ ነች የተናገረችው። «ባለፈው የነገርናችሁ ስህተት ነበረበት። ጥናታችንን ባሳተመው የምርምር መጽሔት ላይም እርማቱን አውጥተናል» ብላ ጀመረች። ሴቶቹ ብቻቸውን ሲጠየቁ ርቀቱን ከቁም ነገር የቆጠሩት ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከቤት ለመውጣትም፣ ፍየል ለመሸጥም ባላቸውን ማስፈቀድ አለባቸው፤ ባል ከከብቱ ጋር ርቆ ከሄደ ደግሞ ልጅ ታሞም ይጠበቃል። ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚወጡት በገበያ ቀን ነው። «ስለዚህ አዲስ ኬላ ከመሥራታችሁ በፊት በገበያ ቀን ሐኪም ጎብዬ ገበያ ላይ ይቀመጥ። ሴቶቹ እዚያ ይመጣሉ» አለች። ወንዶቹ ተጉረመረሙ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ግን እልል አሉ፤ የሸዋዬ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር።

ጥያቄ ያለው ሲባል ኡበይድ እጁን አነሣ።

የኢኽላስ ፊት ተለወጠ። ሙሉጌታ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ጥያቄ የለኝም» አለ ኡበይድ። «ባለፈው እዚህ ቆሜ የተናገርኩት ነገር እውነት ነበር። የተናገርኩት ግን ለእናንተ ብዬ አይደለም። ቀንቼ ነው። አምናኝ ሚስጥሯን የነገረችኝን ሰው አዋረድኩ። ሀጂ፣ እርስዎንም። በተሰበሰበው ሰው ፊት ስላጠፋሁ በተሰበሰበው ሰው ፊት አፉ በሉኝ እላለሁ።»

አንድ የጎብዬ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የራያ ወንድ በአደባባይ ቀናሁ ሲል ሰማሁ! ከእንግዲህ ሞቴም ይምጣ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኢኽላስ አልሳቀችም። በሻርፗ ፊቷን ሸፍና ነበር። ሀጂ ሙሀመድሰይድ ግን ቀስ ብለው ተነሡና ወደ ኡበይድ ሄደው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። «አፉ ብለናል ልጄ» አሉ። «የእሷን ግን ከራሷ ጠይቅ።»

ደጅ ሲወጡ ጠየቃት።

«አስበሽበት ነበር?»

«አስቤበታለሁ። ያ የቀረብኝ ጉዞ አሁንም ይቆጨኛል፤ አንዳንድ ቀን ሳስበው እናደድብሃለሁ። ትችለዋለህ?»

«እችለዋለሁ።»

«እንግዲያው...» ጫማዋን አየች። «ለአባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አልቀረም ብዬ!»

ኒካሁ በረመዳን ዋዜማ ሆነ። ሙሉጌታም ነጭ ኩታ ለብሶ መጣ፤ ለእሱና ለክርስቲያን ጎረቤቶች በተለየው ማዕድ ተቀምጦ በላ፣ ጨፈረ፣ ኡበይድንም አቅፎ ሳመው። ኡበይድም አቅፎ ሳመው። ደረቱ ውስጥ ያለችው እሾህ ትንሽ ወጋ አደረገችው፤ ቻላት።

ከኢድ በኋላ ኢኽላስ ለአዲስ ጥናት ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። ኡበይድ ሻንጣዋን ተሸክሞ ቆቦ መናኸሪያ ሸኛት። እግሯ የአውቶቡሱን ደረጃ እንደረገጠ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ።

«ማነው?»

«ሙሉጌታ። ስትደርሺ ልቀበልሽ ይላል።»

ኡበይድ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«ኢኽላስ።»

«አቤት።»

«ቀናሁ።»

«ብዙ?»

«ብዙ ነው ወላሂ።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ረዳቱ «እህት፣ ግቢ እንጂ!» አለ። ኢኽላስ ግን ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከደረጃው ወረደች። በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ፊት ሁለት እጆቹን ያዘች።

«እሺ፣ ንገረኝ። ሁሉንም ንገረኝ።»

«ሾፌሩ ይሄዳል እኮ...»

«ይጠብቃል። ንገረኝ።»

ነገራት። በአጭሩ፣ እያፈረ፣ ጆሮዋ ስር። እሷም ሰማችው፤ አላፌዘችበትም። ሲጨርስ ጉንጩን በመዳፏ ነካ አድርጋ ገባች። አውቶቡሱ ወደ ደቡብ ተንቀሳቀሰ።

ኡበይድ በባጃጅ ወደ ሥራው ተመለሰ። አግዳሚው በበሽተኛ ሞልቶ ጠበቀው። ጋዋኑን ለብሶ የመጀመሪያውን ሕፃን ሳይመረምር ስልኩ ጠራ። አውቶቡሱ ገና ጎብዬን አላለፈም።

«አሁንስ?» አለችው።

«ቀለል ብሎኛል።»

«እኔ ግን ናፈቅከኝ!»

ኡበይድ በበሽተኞቹ ሁሉ ፊት ሳቀ። ከዚያም ሕፃኑን ከእናቱ ተቀበለ።